የዞምቢዎቹ ሒሳብ

ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ብዙ አያወራም። ፊርማ 40 ዶላር፤ በራስዎ ስልክ አብሮ ፎቶ 40፤ ሁለቱም 60፤ ጥሬ ገንዘብ ብቻ። ከወረቀቱ ኋላ አንድ የሸበተ ሰውዬ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አውርዶ የዶሮ ሳንድዊች ይገምጣል። በ1980ዎቹ ጭንብል አጥልቆ ስንቱን ወጣት በገጀራ እንደጨረሰ ፊት ለፊቱ ከተደረደሩት ፎቶዎች በቀር የሚነግርህ የለም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ነገሩ የፈረንጅ ነውና።)

እኔ ፊርማ በሚሸጥበት አገር አላደግሁም። አዲስ አበባ ላይ የታወቀ ተዋናይ ታክሲ ውስጥ ቢያጋጥምህ «ሰላም ነው ጋሼ፣ ያቺን ድራማ እኮ ወደድናት» ትለዋለህ፤ ሒሳቡን ልክፈልልህ ብለህ ኪስህን ስትዳብስ ቀድሞህ የአንተን ከፍሎ ይወርዳል። ስለዚህ ከባልቲሞር ወደ ሰሜን፣ ሃንት ቫሊ በሚባለው የሜሪላንድ ሰፈር፣ «ሞንስተር ማኒያ» የተባለው የአስፈሪ ፊልሞች ኮንቬንሽን ያረፈበትን ሆቴል መጀመሪያ የረገጥሁ ቀን ያ የዋጋ ዝርዝር አንገሸገሸኝ። የገዛ ልጅነቴን በችርቻሮ መልሰው የሚሸጡልኝ መሰለኝ።

ያኔ ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ እሠራ ነበር፤ የሌሊት ፈረቃ። ሌሊት ሙሉ ሲሚንቶ ሥር ተቀምጦ መኪና የሚጠብቅ ሰው ወይ መዝሙር ይሰማል፣ ወይ ዜና፣ ወይ እንደ እኔ የቆየ ፊልም ያያል። ኮንቬንሽኑን የነገረኝ መኪናውን እኛ ዘንድ የሚያቆም አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፤ ስልኬ ላይ የማየውን አይቶ ሳቀና «እነዚህን ሰዎች በአካል ታገኛቸዋለህ እኮ» አለኝ። አላመንሁትም።

ሎቢው ውስጥ ደም የተቀባች ሙሽራ፣ ጥፍሩ ቢላዋ የሆነ ሰውዬ፣ አባቱ ትከሻ ላይ የተቀመጠ ባለ ጭንብል ሕፃን። የጽዳት ጋሪዋን ተደግፋ የቆመች አንዲት የአገሬ ልጅ መልኬን አይታ ጠራችኝ።

«ወንድሜ፣ ሐበሻ ነህ አይደል? ምንድን ነው ይሄ ጉድ? እኔ እኮ ሰርግ መስሎኝ።»

«ፊልም ወዳጆች ናቸው እህቴ። የሚያስፈራ ፊልም የሚሠሩትን ሰዎች ሊያዩ ነው የመጡት።»

«አንተስ?»

«እኔም።»

አማተበች። ትንሽ አሰበችና ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሰዎቹ ግን ጨዋ ናቸው። ክፍል ሳጸዳ እንደነሱ ቲፕ የሚተው እንግዳ አላየሁም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ብዙ ዓይነት ስብሰባ አይቻለሁ፤ የማኅበር፣ የፖለቲካ፣ የቤተ ክርስቲያን። እንደ እነዚህ ሰዎች ወረፋ የሚያከብር ግን አላየሁም። ባለ ጭንብሉ የፊልም ገዳይ ጄሰን ሊፍት ይዞ ይጠብቅሃል። ፊቱ ላይ ሚስማር የደረደረ ወጣት «ቀድመኸኝ ነበር» ብሎ ቦታህን ይመልስልሃል። ለምን እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ግምቴ ግን አለኝ። አብዛኞቹ በልጅነታቸው «ይሄ ልጅ ምን ነክቶታል?» የተባሉ ናቸው። እንዲህ የተባለ ሰው ቢጤውን ሲያገኝ አይገፈትርም።

የአሠራሩ ነገር ቶሎ ይገባል። ዓርብ ማታ ይከፈታል፣ እሑድ ከሰዓት ይዘጋል። የመግቢያውን ከፍለህ እጅህ ላይ ክር ታስራለህ። አንዱ አዳራሽ ገበያ ነው፤ ጭንብል፣ ቲሸርት፣ ፖስተር፣ አቧራ የጠጡ የቪዲዮ ካሴቶች። ሌላው አዳራሽ የተዋናዮቹ ነው፤ እያንዳንዳቸው በጠረጴዛ፣ አጠገባቸው ገንዘብ የሚቀበል ረዳት። ትልልቆቹ ከአዘጋጁ ጋር ዝቅተኛ ክፍያ ተዋውለው ይመጣሉ፤ ከፊርማ የሰበሰቡት ከዚያ ካነሰ አዘጋጁ ይሞላላቸዋል። ትንንሾቹ፣ አንድ ፊልም ላይ በሁለተኛው ትዕይንት የተገደሉት፣ ያላቸው ጠረጴዛው ብቻ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የአንዱ ወረፋ በኮሪደሩ ዞሮ ደረጃ ሲወርድ፣ ጎኑ ያለው የፎቶዎቹን ጠርዝ እያስተካከለ ይቀመጣል። ይህን ማየት ይከብዳል። ፊርማ የምገዛው ብዙ ጊዜ ከነዚያ ነው፤ ግማሹ አዝኜ፣ ግማሹ ደግሞ ወረፋ ስለሌለ።

በዚህ ዓለም ስማቸው የገነነ አሉ። ኬን ሆደር ከ1988 እስከ 2001 በአራት ፊልሞች ጄሰንን ሆኖ ተጫውቷል። ሰዎች ገንዘብ ከፍለው የሚሰለፉት ለፎቶው አንገታቸውን እንዲያንቃቸው ነው፤ የሚያንቀውም ከልቡ ነው። ይኸው ሰው በ1977፣ ገና ጀማሪ ስታንትማን ሳለ፣ በእሳት ትርኢት ተቃጥሎ ሊሞት ለጥቂት ነው የተረፈው፤ ጠባሳውን አይደብቅም። በ1973ቱ «ኤግዞርሲስት» ሰይጣን የሰፈረባት ልጅ የነበረችው ሊንዳ ብሌር ደግሞ ዛሬ የተጣሉ ውሾች የምታሳድግበት ድርጅት አላት። ቶኒ ቶድን ያየሁት ከሩቅ ነው። ቁመቱ ከወረፋው ሁሉ በላይ ይታይ ነበር። በ1992 «ካንዲማን» ሲቀረጽ ፊቱና አፉ ላይ እውነተኛ ንቦች ነው የሰፈሩት፤ ለእያንዳንዱ ንድፊያ አንድ ሺህ ዶላር ተጨማሪ እንዲከፈለው ቀድሞ ተዋውሎ ነበር፤ ሃያ ሦስት ጊዜም ተነድፏል። ይህን ታሪክ ወረፋ ላይ የሰማሁ ቀን ስለ ዋጋ ዝርዝሩ ያለኝ ቅሬታ ትንሽ ላላ። ለንብ ዋጋ የተመነ ሰው ለብዕሩ ቢተምን ምን ይገርማል?

ቅሬታዬን ጨርሶ የነቀለው ግን ሌላ ሒሳብ ነው፤ መነሻውም ሜሪላንድ አይደለም።

ደርግ በወደቀበት ዘመን ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ቤት ማለት ይከብዳል፤ በጣውላ የተከፈለ ክፍል፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተሸፈነ፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ከፍ ብሎ መደርደሪያ ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነው። ብዙውን ጊዜ ሕንድና ካራቴ ነበር የሚታየው። ማታ ማታ፣ ሕፃናት ይውጡ ከተባለ በኋላ፣ አስፈሪዎቹ ይገቡ ነበር። እኛም ወጥተን በጓሮ እንመለስ ነበር። የቅጂ ቅጂ የሆኑ ካሴቶች ናቸው፤ ሰዎቹ ፊት የላቸውም፣ ድምፁ ውኃ ውስጥ ነው። እንግሊዝኛ የሚችል አንድ ጎረምሳ ከፊት ቆሞ ያስተረጉም ነበር። አሁን ሳስበው ግማሹን ከራሱ ነበር የሚፈጥረው፤ ያም ሆኖ ከብዙዎቹ የፊልም ጸሐፊዎች ይሻል ነበር።

አንድ ቀን ባለቤቱ እህቱ ከአሜሪካ የላከችለትን ካሴት ይዞ መጣ። በካርቶን የታሸገ፣ ኦሪጅናል። ጥቁርና ነጭ መሆኑ ሲታወቅ ገንዘባችን ይመለስ ያሉ ነበሩ። ከዚያ መቃብር ቦታ፣ ወንድምና እህት፣ እየተንገዳገደ የሚመጣ ረዥም ሰው። እህት ሸሽታ አንድ ገጠር ቤት ገባች። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጥቁር ሰው መጣና ቤቱን ተረከበ፤ በር ቸነከረ፣ መስኮት ደፈነ፣ ጠመንጃ ፈለገ፣ ነጮቹን አዘዘ፣ አንዱን ፈሪ በቡጢ አነጠፈ። ቪዲዮ ቤቱ አበደ። ከዚያ ቀን በፊት ጥቁር ሰው በእንዲህ ዓይነት ፊልም ውስጥ ስናይ ሥራው አንድ ነበር፤ ቀድሞ መሞት። አስተርጓሚያችን እንኳን መተርጎሙን ትቶ ማጨብጨብ ያዘ።

ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን ተርፎ፣ ሲነጋ ሊያድኑ ከመጡት ነጭ ታጣቂዎች አንዱ በመስኮት አይቶት ግንባሩን መታው። አለቀ። ሬሳውን በሥጋ ሜንጦ ጎትተው አቃጠሉት። መጀመሪያ ካሴቱ የዘለለ መስሎን «መልሰው! መልሰው!» ብለን ጮኽን። ባለቤቱ አጠንጥኖ መለሰው። ያው ነው። ወደ ቤት ስንመለስ አንዱ «ዞምቢ መስሏቸው ነው እኮ» አለ። ታላቃችን የሆነ ልጅ መልስ ለመስጠት ጥቂት ቆየ። «መስሏቸው አይመስለኝም» አለ።

ፊልሙ «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ» እንደሚባል ያወቅሁት አሜሪካ ከገባሁ በኋላ ነው፤ የኋላ ታሪኩንም ያኔ ነው የለቃቀምሁት። ጆርጅ ሮሜሮና ጓደኞቹ ፒትስበርግ ውስጥ የማስታወቂያ ፊልም የሚሠሩ ልጆች ነበሩ። አሥር ሆነው ዕቁብ በሚመስል መዋጮ እያንዳንዳቸው 600 ዶላር አወጡ፤ እየጨመሩ እየጨመሩ 114,000 ዶላር ገደማ ፈጀ። ደሙ የቸኮላት ሽሮፕ ነው፤ በጥቁርና ነጭ ማን ይለያል? የገጠሩ ቤት ሊፈርስ የተፈረደበት ስለነበር እንደፈለጉ ቸነከሩት። ባልና ሚስት ሆነው ምድር ቤት የተደበቁት ካርል ሃርድማንና ማሪሊን ኢስትማን ሜካፑንም ድምፁንም ይሠሩ ነበር፤ ምድር ቤት የታመመችው ሕፃን ካይራ ሾን የሃርድማን የእውነት ልጁ ናት። ያን ጥቁር ሰው፣ ቤንን፣ የተጫወተው ድዌን ጆንስ የመምህርነትና የቴአትር ሰው ነበር። ገጸ ባሕርዩ ጥቁር ይሁን ተብሎ አልተጻፈም፤ ለፈተና ከመጡት ሁሉ በልጦ ተገኘ እንጂ። ሮሜሮ ሲናገር እንደኖረው፣ የተጠናቀቀውን ፊልም መኪና ውስጥ ጭነው ወደ ኒው ዮርክ ሲነዱ ማርቲን ሉተር ኪንግ መገደሉን በሬዲዮ ሰሙ። ጥቅምት 1 ቀን 1968 ፒትስበርግ ውስጥ ፊልሙ ታየ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ፊልሙ መጀመሪያ ሌላ ስም ነበረው። የቅጂ መብት ማሳሰቢያው የተጻፈው ከርእሱ ጋር እዚያው ምስል ላይ ነበር። አከፋፋዩ ርእሱን ሲለውጥ አሮጌው ምስል ወጣ፣ አዲሱ ገባ፤ ማሳሰቢያውን መልሶ የጻፈ ግን አልነበረም። በዘመኑ የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ያለ ማሳሰቢያ የወጣ ሥራ መብቱ ቀረ ማለት ነው። በአንዲት መስመር ምክንያት ፊልሙ የሕዝብ ሆነ። ማንም ሲኒማ ቤት አሳየው፣ ማንም ቴሌቪዥን አሰራጨው፣ ካሴት ሲመጣ ማንም እያባዛ በርካሽ ሸጠው። ከዚያ በኋላ ዞምቢ ያለበት ፊልም ሁሉ ከዚያ ፊልም ሲቀዳ ኖረ፤ አሥሩ ሰዎች ግን ከዚህ ሁሉ የሚገባቸውን አላገኙም።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። በዚያ ቪዲዮ ቤት ከታዩት ካሴቶች ሁሉ ሌባ ያልነካው ያ ብቻ ነበር ማለት ነው። የሕንዱ፣ የካራቴው፣ የራምቦው ሁሉ የተሰረቀ ቅጂ ነው። ያኛው ሕጋዊ ነው፤ ባለቤቱም እህቱም ንጹሐን ናቸው። ከሁሉም በላይ ዕዳ ያለብኝም ለሱ ነው። የተሰረቀበት ሰው ቢያንስ ሌባ አለው፣ ይከስሰዋል። እነዚህ ግን ፊልሙን ያባዛውን ሁሉ መክሰስ እንኳን አይችሉም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የዋጋ ዝርዝር ባየሁ ቁጥር የማስበው ይህንን ነው። ለዚያ ፊልም ሰዎች ጠረጴዛው ንግድ አይደለም፤ ያመለጣቸው ሮያሊቲ ከተመልካቹ ኪስ በቀጥታ፣ ከረፈደ በኋላ፣ በ40 በ40 ዶላር የሚመለስበት መስኮት ነው። መቃብሩ ላይ መጀመሪያ እየተንገዳገደ የመጣው ቢል ሂንዝማን በ2012 እስኪያርፍ ድረስ በየኮንቬንሽኑ ይገኝ ነበር። እህቲቱን ባርብራን የሆነችው ጁዲት ኦዴይ ስትመጣ ወረፋው ላይ የልጅ ልጅ ይዘው የሚጠብቁ አያቶች ታያለህ። ሮሜሮም ያንን ትልቅ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ፣ በ2017 ቶሮንቶ ውስጥ እስኪሞት፣ የሰው ፊት አይሰለቸውም ነበር ይባላል። በ1999 ፊልሙ በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ገባ፤ በ2016 የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ታድሶ ጥርት ያለ ቅጂ አሳየ። ክብር ነው፤ ክብር ግን የቤት ኪራይ አይከፍልም።

በአንዱም ጠረጴዛ የሌለው የኔ ሰው ነው። ድዌን ጆንስ በ1988 በ51 ዓመቱ አረፈ። ቶኒ ቶድ በ1990ው ዳግም ቅጂ ያንኑ ቤንን ተጫውቷል፤ ከሩቅ ሳየው ያቺን የአዲስ አበባ ሌሊት ያነሣሁት በካንዲማን ምክንያት አይደለም። እሱም በኅዳር 2024 ሄደ። ሮሜሮ ከቤን በኋላ ጥቁር ጀግና መፍጠሩን አልተወም። በሞንሮቪል የገበያ ማዕከል ሌሊት ሌሊት በቀረጸው የ1978ቱ የዞምቢ ፊልም ኬን ፎሪ በሄሊኮፕተር አምልጦ ይወጣል፤ በ1985ቱ ደግሞ ቴሪ አሌክሳንደር ደሴት ላይ ዓሣ ሲያጠምድ ነው የሚያልቀው። ሦስቱን በተከታታይ ያየ ሰው ዳይሬክተሩ የመጀመሪያውን ሞት ሲያርም እንደኖረ ይጠረጥራል። እርግጡን የሚነግረኝ የለም። እኔ ግን ጠርጥሬአለሁ፤ ለሰፈሬ ልጆችም በስልክ ነግሬያቸዋለሁ።

ያ የመጀመሪያው ፊልም የተቀረጸባት ኢቫንስ ሲቲ ከፒትስበርግ ሰሜን የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። መቃብሩ ኮረብታ ላይ ነው፤ እንደ ፊልሙ ነው፣ ቀለም ብቻ ተጨምሮበታል። በመክፈቻው ትዕይንት የምትታየው ትንሽ ጸሎት ቤት ልትፈርስ ስትል ከፊልሙ ድምፅ ቀራጮች አንዱ የነበረው ጋሪ ስትራይነር ዘመቻ ከፈተ፤ ወደ 50,000 ዶላር ከየአገሩ አድናቂ ተሰብስቦ ታደሰች። ጣሪያዋን ቀና ብዬ ሳይ ከመካከሉ አንዱ ቁራጭ በቪዲዮ ቤታችን ስም ቢሆን ኖሮ ብዬ ተመኘሁ። በስማችን ማንም አላዋጣም።

እዚያች ከተማ በሚደረገው የአድናቂዎች ቅዳሜና እሑድ ነበር ከአንዲት ሴትዮ ጠረጴዛ የደረስሁት። ስማቸውን አልጠራም፤ በፊልሙ የስም ዝርዝር ላይም የለም። በ1967 የአካባቢው ወጣት ሆነው፣ እንደ ብዙዎቹ ጎረቤቶቻቸው፣ ሌሊት ሜዳ ላይ እየተንገዳገዱ ወደ ቤቱ ከሚሄዱት አንዷ ነበሩ። ፎቶው ላይ በጣታቸው ራሳቸውን ያሳያሉ፤ ከዛፉ በስተ ግራ፣ ነጭ ልብስ። ወረፋ አልነበራቸውም። ዋጋቸው 20 ዶላር ነው።

ገንዘቡን ስሰጣቸው ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝና ነገርኋቸው። ፊልሙን የት እንዳየሁት ጠየቁኝ፤ እሱንም ነገርኋቸው፤ ብርድ ልብሱን፣ አስተርጓሚውን፣ «መልሰው» ብለን መጮኻችንን። ብዕሩን አስቀምጠው አደመጡኝ።

«ስንት ሆናችሁ ነበር?» አሉ።

«ቤቱ ጢም ብሎ ነበር።»

«ስንት ቀን አሳየው?»

«እስኪበጠስ።»

«ስንት አስከፈላችሁ?»

ሃምሳ ሳንቲም በዶላር ስንት እንደሚሆን ልንገርዎ ብዬ ግራ ገባኝ። በያኔው ምንዛሪ ከሩብ ዶላር እንደማይበልጥ ነገርኋቸው። ከፎቶው ጀርባ ላይ በብዕራቸው ማባዛት ጀመሩ፤ እየሳቁ፣ ግን በእውነት እያባዙ።

«ሰውዬው አሁን ምን ይሠራል?»

«ቪዲዮ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል። የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ሆኗል አሉ። ደኅና ሀብታም ነው።»

«ስልኩን ስጠኝ» አሉኝ።